ፈትቶ መግጠምን ያስተማሩት የቲቸር ብሎን የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎቻቸው «ቲቸር ብሎን» የሚሏቸው ታላቅ እህቴ ከስፌት መኪና ጠጋኙ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤቱን የግድግዳ ሰዓት ፈታተው መልሰው ሲገጥሙት ሁለት ጥርሳም መዘውር ተረፋቸው፤ ሰዓቱ ግን ይሄድ ነበር። አባታችን «ትርፉ የፋብሪካው ስህተት ነው» ብለው አለፏቸው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ በ1975 ዓ.ም. ተመርቀው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ጀመሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ከአናጺው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ለአዲስ ክፍል የሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት ሁልጊዜ አንድ ነበር። ሳንቃ በድንጋይ ላይ አጋድመው በአንደኛው ጫፍ ራሳቸው ይቀመጡና ከክፍሉ ደቃቃዋን ልጅ «በይ አንሺኝ!» ይሏታል። እህቴ ደግሞ ቀላል ሴት አልነበሩም። ልጆቹ ራሳቸው ድንጋዩን ወደ እሳቸው እስኪያስጠጉት ድረስ ማብራሪያ የለም። ከዚያ ወደ ጎማ፣ ገመድ ዞሮበት ሸክም ወደሚያቀልለው ፑሊ ያልፋሉ።

በ2005 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ ሮቦት በስጦታ መጣ። እህቴ በደስታ እንቅልፍ አጡ። ርዕሰ መምህሩ ግን «ልጆች ያበላሹታል» ብለው ከነላስቲኩ የመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ያልተነካው ባትሪ ዝጎ ፈሰሰ፤ ይህም የታወቀው ተቆጣጣሪዎች በመጡበት ጠዋት ነው። አዋቂው ሰውዬ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሮቦቱን በዓሣ ማጥመጃ ክር አሳስረው ዘበኛው ከመጋረጃ ጀርባ እንዲጎትተው አደረጉ። ተቆጣጣሪዎቹም፣ ዕውቀታቸው ይባረክና፣ አጨበጨቡ። ከእህቴ ተማሪዎች አንዷ ግን ከመጋረጃው ጀርባ የሚታገለውን ዘበኛ አይታ አዝና «ቲቸር፣ ጋሼ ለምን በፑሊ አይጎትቱትም? ይቀላቸዋል እኮ!» አለች።

እህቴ በሳቅ ፈረሱ። ለዚያ ሳቅ ከክፍል ተነስተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። «ክፍሌን መልሱልኝ» እያሉ በየዓመቱ ጠየቁ፤ በየዓመቱ «ይታያል» ተባሉ። ጡረታ እስኪወጡም አልታየም።

አምና በኩላሊት ሕመም አልጋ ሲይዙ ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ቤታችን መጡ። በሽተኛ ሊጠይቁ መስሎን ወንበር ሰጠን። ለካ አዲስ ሮቦት ተገዝቶ ኖሯል። እህቴ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ቢነሱላቸው፣ ሲሻላቸው፣ ጡረታ ቢወጡም እንኳ፣ ክፍላቸውን እንደሚመልሱላቸው ሰውዬው ቃል ገቡ። እህቴ «ልጆቹ ይፈቱታል?» ብለው ጠየቁ።

«እሱማ... ቀስ በቀስ» አሉ ሰውዬው።

ያንን ክፍል እንደ ውኃ ጥም ሲናፍቁ የኖሩት እህቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼባቸው አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን እኔን ትተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ርዕሰ መምህሩ ሰው የሚያህል አበባ ልከው፣ በቀብሩ ላይ ንግግር ላድርግ ብለው ነበር፤ ቤተሰቡ አልፈቀደም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይስጥ። ለርዕሰ መምህሩ አንለምንም፤ አላዘኑምና።