የሚሸተት እንጂ የማይዋጥ ዘይት

ሱርቫል፣ ኖቬምበር 9፣ 2023

ፍሉሪናዬ፣ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። ትልቋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ጄኔቭ ዝናብ ነው ብለሽኝ ነበር፤ እዚህ ተራራው በረዶ መልበስ ጀምሯል። የእማዬ የጣቶቿ ሕመም ቀልሎላታል። በላክሽላት ዘይት ነው የቀለላት፤ እውነት ስለሆነ ልደብቅሽ አልችልም።

ያ ዘይት ከመጣ ወዲህ በዚህ ቤት ያንቺ ስም ከጸሎት ይቀድማል። እንጨት የምፈልጠው እኔ፣ እግሯን በሞቀ ውሃ የማጥበው እኔ፤ ጠብታዋን ከምላሷ ሥር ስታደርግ ግን «ወርቄ ፍሉሪና! ከሩቅ ሆና አሰበችልኝ» ትላለች። ከቅርብ ሆኖ የሚያስብ ሰው አይታይም መሰለኝ።

ጠርሙሱ እንደደረሰ ጽሑፉን አንብቤው ነበር። እኔ ንባብ የለመድኩት ከአሮጌ ጋዜጣና መድኃኒት ቤት በር ላይ ከሚቀመጡ ወረቀቶች ነው፤ ደቃቅ ፊደል ካየሁ አላልፍም። «የሽታ ዘይት፤ አይዋጥም» ይላል። ሲቢዲ የሚሉት ይህ ዘይት ከካናቢስ ተክል ስለሚወጣ፣ ሻጮቹ ይጠጣል ብለው መሸጥ አይፈቀድላቸውም። ለሽታ ነው ይላሉ፤ አገሩ ሁሉ ይውጠዋል።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የሚሸተት እንጂ የሚዋጥ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ማንጠብጠቢያ ለምን አደረጉለት? አፍንጫዬ ውስጥ ልጨምረው?»

«ደግሞ ትንሽ የሚያሰክር ነገር አለበት። ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም ይላል፤ ግን መኪና ለሚነዳ ሰው…»

«ኡርሲና፣ አንቺን ቅናት ነው የያዘሽ።»

ይዞኝ ነበራ! የተናገርኩት እውነት ነው፤ ድምፄ ግን የቀናተኛ ድምፅ ነበር። እሷም የሰማችው ድምፄን ነው።

ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ለመዝሙር ልምምድ ወደ ሸለቆው ስንወርድ፣ ድልድዩ ጋ ፖሊሶች አስቆሙን። እንደ ሁልጊዜው እሷ ትነዳለች፤ እኔ ኋላ ከቅርጫቱ ጋር ነኝ። ፖሊሱ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ጂዮን ነው።

«እማማ መንጊያ፣ ዛሬ ዓይንዎ ከበድ ብሏል። ትንሽ ወይን ቀመሱ እንዴ?»

«ወይን? እኔ? ልጄ ከጄኔቭ የላከችልኝ የካናቢስ ዘይት ነው! ሕጋዊ ነው። ለዚያ ለሚያምህ ወገብህ አንተም ሞክረው።»

ኩራቷን ባየሽ! ጂዮን ፊቱ ቀላ። እሱ እንዳልሰማ ቢሆን ደስ ባለው፤ ባልደረባው ግን ሰምቷል። ምራቋን መረመሩ፤ ቀጥሎ ደም ሊያስቀዱላት ሐኪም ቤት ወሰዷት።

«ከሱቅ በደረሰኝ የተገዛ ነው እኮ!» አለችው።

«አውቃለሁ እማማ። ወይንም በደረሰኝ ይገዛል። ሕጉ ደምዎ ውስጥ ያለውን ነው የሚያየው እንጂ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።»

ውጤቱ ከተፈቀደው በላይ ሆነ። መንጃ ፈቃዷን ወሰዱት። ክረምቱ እስኪያልፍ አይመልሱላትም፤ ከዚያም ሐኪም ማየቱ አይቀርም። እማዬ አይብ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ አለቀሰች። ስትወጣ «ጽሑፉን በደንብ ብታነቢልኝ ኖሮ» አለችኝ። ለእኔ! አንቺን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችሽም።

«ወይ ጠብታው ወይ መኪናው ነው፣ እማዬ» አልኳት። መኪናውን እንደምትመርጥ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አባታችን ሲሞት እንኳ ከመቃብር እስከ ቤት ራሷ ነድታ የመጣች ሴት ናት። ቁልፉን አውጥታ መዳፌ ላይ ጣለችው።

«ፍሉሪና የላከችልኝንማ አልተውም። አንቺ ትነጂኛለሽ።»

ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልሽም።

የተከተለውን ሐሙስ ግን ልጻፍልሽ። እኔ መሪውን ይዤ፣ እሷ ከጎኔ። መጀመሪያ የበሩን እጀታ ሙጥኝ ብላ «ቀስ! መኪና ነው እኮ፣ ላም አይደለም የምትነጂው!» ትለኝ ነበር። ጸሎት ቤቱን እንዳለፍን እጀታውን ለቀቀችው። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ሳቀች። «እዚህ ጋ ነው ምጥሽ የጀመረኝ» አለችኝ። «አባትሽ ደንግጦ መኪናዋን ከአጥር ጋር አጋጨ። እኔ አንቺን ሆዴ ውስጥ ይዤ መንዳቱን ተረከብኩ። አንቺማ ከመወለድሽ በፊት ነው ከእኔ ጋር መንገድ የለመድሽው።» ይህን ታሪክ ለአንቺ አጫውታሽ ታውቃለች? አይመስለኝም። ከዚያ የመዝሙሩን የላይኛውን ድምፅ እሷ፣ የታችኛውን እኔ ይዘን እየዘመርን ወረድን።

የመድኃኒት ቤቷን ሴት ጠየቅኳት። የሚያሰክረው ነገር ጨርሶ የወጣለት፣ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ያለው ዓይነት አለ ብላኛለች፤ ጄኔቭም አይጠፋም። እሱም ቢሆን እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላት ይችላል፤ በተለይ ከማታ ኪኒኗ ጋር። ሐኪሟ ሳይፈቅድ መሪ መያዝ የለባትም። ከፈቀደ ግን፣ ፈቃዷ ሲመለስ፣ ያንን ዘይት እየወሰደች ራሷ መንዳት ትችል ይሆናል።

ይህን አለመንገር ኃጢአት ስለሆነ ነገርኩሽ። ግን አትቸኩዪ። ያኛው ሆዷን ይስማማት አይስማማት ማን ያውቃል? የለመደችውን ላኪላት። መንገዱም በረዶ ነው። ፀደይ ሲገባም እኮ ጭቃው ያንሸራትታል።

ጌታ በወጣሽበት በገባሽበት ይጠብቅሽ፤ ቤትሽን ያሙቅልሽ። እማዬ ትስምሻለች ልልሽ ነበር፤ አሁን ልጠይቃት አልቻልኩም፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ካፖርቷን ለብሳ መኪናው ውስጥ ገብታለች። ጥሩምባውን እየነፋች እየጠራችኝ ነው። እኔን።

የምትወድሽ እህትሽ
ኡርሲና