ሁለተኛው ወንበር

ልጄ ራኬብ፣ በምትሄጂበት ሁሉ እመቤቴ ማርያም ከፊትሽ ትቅደምልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሐኪሙ ረጅም በረራ ከልክሎኛል፤ ከእንግዲህ ስቶክሆልም የምመጣ አይመስለኝም። አንቺም እንደማትመጪ አውቃለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ገበያው ቀዝቅዟል። ምግብ ቤቴን በየጠዋቱ እከፍታለሁ፤ ለማን ብዬ እንደሆነ ግን እንጃ።

ባለፈው አንቺ ጋ ስመጣ በአሮጌው ከተማ እራት የጋበዝሽኝ ያቺ ጠባብ ምግብ ቤት ከዓይኔ አልጠፋችም። ሻማው፣ ወንበሩ ላይ የተነጠፈው አጎዛ፣ ዓሣውም ደስ ይላል። አስተናጋጁ ግን እኔ ከኋላሽ መሆኔን ሳያይ፣ ገና አንቺን ሲያይ ከጠረጴዛሽ ሁለተኛውን ወንበር አንሥቶ ወሰደ። አንቺ ደግሞ መንገድ ላይ "ሁልጊዜ ከእጮኛዬ ከዳጊ ጋር ነው የምንመጣው" ብለሽኝ ነበር። እኔም እንግዳ አስተናግዳለሁ፤ ወንበር ከማን ፊት እንደሚነሣ አውቃለሁ።

ባለታክሲው ጋሼ ሀብተሥላሴ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ሲመጡ፣ ባዶው ወንበር እንዳያስከፋቸው ብዬ አነሣሁት። "አንቺ ሴትዮ፣ መልሺው! ኮቴን አናትሽ ላይ ልስቀለው?" አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ኮታቸውን ከፊታቸው ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ይበላሉ።

ስለ ዳጊ አልጠይቅሽም። ሌላ ሰው ይመጣል ብዬም አልዋሽሽም። አንድ ነገር ብቻ እሺ በዪኝ፤ ወንበሩን አታስነሺው። ካፖርትሽን አስቀምጪበት።

ብቻሽን የምትበዪውንም እግዚአብሔር ይባርክልሽ።

እናትሽ ዓለምፀሐይ