የሽቦ አልጋው በር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠ. 1 ሰዓት

ውሃ ቀድቼ ጨረስኩ። በርሜሉ ሞልቷል። ሜዳው ገና ጤዛ ነው፣ ካልሲዬ ሳይቀር ረጥቧል። እኛ ግቢ የሚያድሩት የጋሪ ፈረሶች ሥራ ወጥተዋል። የቀረው ዳማ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ሸምሱ ዛሬ ሲሚንቶ የሚያመላልስለት ሰው አርፍዶ ነው የሚጠራው። በሩን ለመዝጋት እንደ ወትሮው ትግል። ሌላው ሰው በር ሲያጣ ቆርቆሮ ያቆማል፤ አባዬ ያቆመው የእማዬን ሽቦ አልጋ ነው። በጎኑ፣ ራስጌው በማጠፊያ ከአጥሩ ግንድ ጋር ታስሮ። ሀና ማርያም ውስጥ አልጋ የምንከፍትና የምንዘጋ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። አሮጌ ብረት እለዋለሁ፣ አባዬ ያኮርፋል። ልሂድ። የላፍቶ ታክሲ ሰልፉ ከረዘመ ፎቶ ኮፒ ቤቴን ማን ይከፍትልኛል።

በዚያው ዕለት፣ ከቀ. 8 ሰዓት

አልሄድኩም። ደብተሬ፣ ሁሉንም ልንገርሽ። ቦርሳዬን አንግቼ ስወጣ የብረት ጩኸት ሰማሁ። ዳማ ነው። ሸምሱ የፉርሽካውን ከረጢት ከበሩ ውጪ አስደግፎት ሄዷል። ሽታው ሲመጣበት በፊት እግሩ በሩን መደብደብ ያዘ፣ ኮቴው በአልጋው ሽቦ ሾልኮ ገባ። ወደ ኋላ ሲስበው ሽቦው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቀ። በሳበ ቁጥር በሩ ይከተለዋል፣ በሩ በተከተለው ቁጥር ይደነግጣል።

ጃኬቴን አውልቄ ዓይኑ ላይ ጣልኩ። ካላየ እንደሚረጋ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ረጋ። ትንፋሹ ሆዴ ላይ። ጎረቤት ተጣራሁ፣ ሁሉም ሥራ ሄዷል። አባዬ ፒንሳ ይዞ መጣ፤ መጣና አልሰጥም አለ። እግሩን አዙሪው፣ ሽቦው ግን እንዳይቆረጥ አለኝ። አዞርኩ። ደም። ደግሜ አዞርኩ። ከዚያ ፒንሳውን ከእጁ ነጠቅኩት። ከአባቴ እጅ ዕቃ ነጥቄ አላውቅም። ቆረጥኩ፣ እግሩ ወጣ። ዳማ በሦስት እግሩ ቆሞ ላብ በላብ። አባዬ የተቆረጠውን ሽቦ እየለቀመ ኪሱ ከተተ። ምሳም አብሮኝ አልበላም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የዓመቱ አቦ። አባዬ ማልዶ መካኒሳ ሄዷል። ከመሄዱ በፊት ግን የቆረጥኩትን ቀዳዳ በኤሌክትሪክ ሽቦ ጠግኖታል። ከበፊቱ የባሰ ወጥመድ። በንዴት ሻዬ ቀዘቀዘ።

የእንስሳት ሐኪሟ መጣች። አጥንቱ ደህና ነው አለች፣ ተመስገን። ጅማቱ ግን ተጎድቷል። በጨው ውሃ ይታጠብ፣ ጋሪ ለረጅም ጊዜ አይንካ፣ የሚያርፍበት ደረቅ ሜዳ ይኑረው። ስትወጣ በሩን አየችና ይሄ ነው ወይ አለችኝ። ይሄ ነው አልኩ። አፈርኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሸምሱ መጥቶ ነበር። አራት ልጆች አሉት፣ ሌላ ፈረስ ተከራይቶ ጋሪው ላይ ጠምዷል። በዚህ አልፈርድበትም። ዳማን ግን ማክሰኞ ወስዶ ቀለበት መንገዱ ላይ ሊለቀው ነው። ሁሉም እንደሚያደርገው። ያገለገለን ፈረስ በገዛ እጅ መግደል ነውር ነው፤ ስለዚህ አስፋልቱ መሃል ያለው ሣር ላይ ይለቁትና ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። የሚገድለው መኪና ነው፣ እነሱ አይደሉም። እያየሁት ነው ያደግኩት። ዛሬ ነው ያንገሸገሸኝ።

ጮህኩበት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ቀስ ብሎ፣ «እህቴ፣ እዚህስ ብተወው በሩ ያው አይደለም ወይ? አንዱን እግር በላ፣ ሌላውን እስኪበላ ልጠብቅ?» አለኝ። ሌሎቹም ባለጋሪዎች ፈርተው ፈረሶቻቸውን የትም ማሳደር ጀምረዋል። በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ማክሰኞ ጠዋት ሜዳው ለፈረስ የሚሆን ከሆነ ዳማ እስኪድን እዚህ ይቆያል። ካልሆነ አስፋልት።

አስፋልት አይሄድም። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከቀ. 10 ሰዓት

ሱቅ ዘጋሁ። አጥሩን ዙሪያውን በእግሬ አየሁት፣ ፈረስ ብሆን የት እያዛለሁ እያልኩ። በወንዙ በኩል የላላ እሾሃማ ሽቦ፣ ጠርዙ የተገለበጠ ቆርቆሮ፣ ከግንባታ የተረፈ ሚስማር ያለው ጣውላ። ፌስታልማ በየቁጥቋጦው ነው። እሾሃማውን ጠቅልዬ አወጣሁ፣ መዳፌ ተቧጭሯል። ለምሰሶ ተቆፍሮ የተረሳውን ጉድጓድ በድንጋይ ሞላሁት። ወገቤ የሰው አይደለም። ግን ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ።

ከዚያ አዲስ በር ላዝዝ የሰፈራችን በያጅ ጋ ሄድኩ። እስከ መሬት ድፍን ላሜራ፣ ኮቴ የሚገባበት ምንም ቀዳዳ የሌለው፤ ከላይ ለስላሳ ቧንቧ። ጦሩስ አለኝ። ጦር አልፈልግም አልኩት፣ ፈረስ በሩ ላይ አንገቱን ያሳርፋል። የአዲስ አበባ በር ሁሉ አናቱ ላይ ጦር ደርድሯል፣ ሌባው ይፍራው አይፍራው እንጃ። በሩ ራቁቱን ይሆናል፣ ሰው ምን ይለኛል አለ። በቃ ከታች አበባ ልሥራበት አለኝ። ክብ ክብ፣ ልክ እግር የሚገባበት አበባ። አይሆንም አልኩት። ሰኞ ሊያደርስ ተስማማን። ሲሸኘኝ የሰደብኩት ነው የሚመስለው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ለአባዬ ነገርኩት። በሩ ነገ ይመጣል፣ አልጋው ይወርዳል። አይወርድም አለ። ድምፁን እንኳ አላነሳም። ያነሳሁት እኔ ነኝ። አሮጌ ብረት ነው አልኩ፣ እንደ ልማዴ።

 ከዚያ ተናገረ። እማዬ ስታገባው ይዛው የመጣችው አልጋ ነው። እኔም የተወለድኩት እሱ ላይ ነው። ከሞተች በኋላ ሊተኛበት አልቻለም፣ ለቆራሌው ሊሸጠውም አልቻለም። ቤት ውስጥ ሲያየው ያመዋል፣ ካላየውም ያመዋል። በር ባደርገው ብሎ አሰበ። «በየጠዋቱ እነካዋለሁ» አለኝ፣ መዳፉን እያሳየኝ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት ስስቅበት ኖርኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጋ አቆምክ ብዬ አልጠየቅኩትም። አንጀቴን በላው። ግን ከጓዳው መስኮት ዳማም ይታየኛል፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ። አንዱን ለአንዱ ብዬ አልተውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

በሩ መጣ። በያጁ መሃሉ ላይ አንዲት ጦር ሰክቶበታል፣ «ለማማሩ ብዬ ነው»። እዚያው አስቆረጥኩት። አባዬ ከቤት አልወጣም። አዲሱ በር ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። በያጁ ነገ ማልዶ ይመለሳል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠ. 2 ሰዓት ተኩል

አባዬ ኪዳን ለማድረስ ሀና ማርያም ሄደ። አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው አይወርድም ይለኛል፤ እሱ አይወርድም ካለ ሸምሱ ዳማን ይዞት ይሄዳል። ከበያጁ ጋር አልጋውን አወረድነው፣ አዲሱን ሰቀልነው።

ሸምሱ ገመዱን ይዞ ደረሰ። ዳማ አንገት ላይ አሠረው፣ ከዚያ በሩን አየ። በእግሩ ገፋው። ቁጢጥ ብሎ የታችኛውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ፣ የማጠፊያውን ክፍተት በቡጢው ለካ። አጥሩን ዞሮ ተመለሰ። ገመዱን ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣለው። ሲወጣ ፉርሽካ ከበሩ ውጪ እንዳይቀመጥ ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔን። ዳማ ሣሩን እየጋጠ ነው።

አልጋውን ግን ለቆራሌ አልሰጥም፣ ውጪም አልጥልም። አጠብኩት፣ ዝገቱን ፋቅኩት። የኔን የጣውላ አልጋ አውጥቼ እሱን ክፍሌ አስገባሁ። የቆረጥኩትን ቦታ በገመድ ሸረብኩት፣ ፍራሼን አነጠፍኩበት። ከዛሬ ጀምሮ እተኛበታለሁ። አባዬ ሲመጣ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ጎረቤት ቀድሞ ሳይነግረው። ፈርቻለሁ። ቢሆንም መልሼ አልሰቅለውም።

ጠ. 4 ሰዓት

መጣ። ላሜራው ፊት ቆመ። እጁን ዘረጋና ሳይነካው መለሰው። በመስኮት አየሁት። ክፍሌ በር ላይ ሲደርስ ሳልጠይቅህ አወረድኩት፣ አጥፍቻለሁ፣ ግን ተመልሶ አይሰቀልም አልኩት።  ገብቶ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። ሽቦው ሲጢጥ አለ። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትቼው ወጣሁ፣ ይኸው ደጃፍ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

አሁን ይጠራኛል። ራስጌው በመስኮቱ በኩል ነበር፣ እናትሽ ፀሐይ ትወድ ነበር፣ ነይ እናዙረው እያለ ነው። ቆይ፣ ብቻውን ሊያነሳው ነው። መጣሁ።