የጋሽ ልኬ ሕይወትና የተጨመረችው ዓመት

ወንድማችን ከግንበኛ አባታቸውና ጨርቃ ጨርቅ በመነገድ ሰባት ልጆች ካሳደጉት እናታቸው በሚያዝያ ወር 1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ከቤታቸው ጀርባ በነበረው ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ ማታ ማታ እየተማሩ አጠናቀዋል። ቀን የሚውሉት በርና መስኮት ከሚሠራ ብረታ ብረት ቤት ነበር፤ ብየዳ የተማሩትም እዚያ ነው። ሜትር ከኪሳቸው ስለማይጠፋና ደጋግመው ሳይለኩ ስለማይቆርጡ አለቃቸው «ልኬ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ሰፈሩ ተቀባበለው፤ ስሙም እናት አባት ካወጡላቸው በልጦ ቀረ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ጋሽ ልኬ ነበሩ።

በ1979 ዓ.ም. በልብስ ስፌት ይተዳደሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። የመጀመሪያዋ በ1981፣ ትንሿ በ1987 ዓ.ም. ተወለዱ።

የመጀመሪያዋ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሆናት የጎረቤት ልጆች ቦርሳ ይዘው ሲወጡ እያየች በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ሰባት የሞላውን ልጅ ብቻ ነው። አባት ዕንባዋን መቻል አቃታቸውና እጇን ይዘው ሄደው፣ «ሰባት ሞልቷታል፤ ቁመቷ ነው ያጠረው» ብለው አስመዘገቧት። የልደት ወረቀቷም በዚያው መሠረት ወጣ። ሁሉን ነገር ደጋግመው የሚለኩት ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከየትም አምጥተው ጨመሩ ማለት ነው። ይህን እሳቸው ለዓመታት እንደ ቀልድ ሲያወሩት፣ ቤተሰቡም ሲስቅ ኖሯል።

በ1996 ዓ.ም. የውሃ ታንከር የሚሠራ ፋብሪካ በኮንትራት ቀጥሯቸው ከአገር ወጡ። የተባለው ቀላል ነበር፤ እሳቸው ይቀድማሉ፣ ቤት ያዘጋጃሉ፣ ባለቤታቸውና ልጆቹ በዓመቱ ይከተላሉ። ቀላል የሆነው ሲወራ ብቻ ነው።

እንደደረሱ ከሦስት ሠራተኞች ጋር በአንዲት ክፍል ገቡ። ሁለቱ የሌሊት ፈረቃ ስለነበሩ አልጋው ቀዝቅዞ አያውቅም፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል። ባንኩ አድራሻ አምጣ ይላል፤ አከራዩ የባንክ ሒሳብ አምጣ ይላል፤ እንደ ኳስ ሲቀባበሏቸው ከረሙ። የሃያ ዓመት ልምዳቸውም እዚያ ስላልተቆጠረላቸው እንደ ጀማሪ እንደገና ተፈተኑ። ፈታኙ የበየዱትን ብረት ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በመብራት አይቶ መለሰላቸው። አለፉ። የዚያን ዕለት ስልክ ደውለው፣ «ሥራውስ ይገባኛል፤ ያልገባኝ ሰዉ ነው» ብለው ነበር።

ዋናው ነገር የመጣው ቤተሰብ ለማስመጣት ሲያመለክቱ ነው። እንደ ቤተሰብ የሚቆጠረው አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻ እንደሆነ፣ ፈቃዱም ልጁ ያን ዕድሜ ሳይሞላ መውጣት እንዳለበት የአገራቸው ልጅ የሆነው አስተርጓሚ ነገራቸው። የመጀመሪያዋ ልጅ በእናቷ አቆጣጠር አሥራ ስምንት ለመሙላት ገና ከአንድ ዓመት በላይ ይቀራት ነበር። በወረቀቱ ግን ጥር 1998 ላይ ትሞላለች። ጋሽ ልኬ ያን ዕለት ከሥራ ቀሩ፤ በሕይወታቸው ከሥራ ሲቀሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሩጫ ነው። ለማመልከት ለልጆቹ የብቻ መኝታ ክፍል ያለው ቤት ያስፈልጋል። ስንት በር አንኳኩተው፣ «ተይዟል» እየተባሉ ሲመለሱ ቆይተው፣ ከጎማ መሸጫ ሱቅ በላይ አንድ ቤት አገኙ። አከራይዋ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ቁጡ ቢሆኑም ሰው አይገፉም። ጋሽ ልኬ የቤቱን ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ለልጆቹ ቀለም ቀብተው፣ ሁለት አልጋ ራሳቸው በይደው ገጠሙበት። የቤት ተቆጣጣሪው መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ «መስኮት የለውም፤ መኝታ ቤት አይባልም» ብሎ ሄደ።

ለአከራይዋ ግድግዳ እንዲፈርስ ፍቀዱ ማለት ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ በሩን ዘጉባቸው። በሁለተኛው ቀን የልጆቹን ፎቶግራፍ ሲያሳዩአቸው ረጅም ጊዜ አዩና፣ «ይህችኛዋ አንተን ትመስላለች። አቧራው ደረጃዬ ላይ እንዳይደርስ» አሏቸው። ጋሽ ልኬና መጀመሪያ በአንድ ክፍል አብረዋቸው የኖሩት ሠራተኞች በአንድ ቅዳሜና እሑድ ግድግዳውን ከፍተው መስኮት አቆሙ። ክፈፉን የበየዱት እሳቸው ናቸው። ተቆጣጣሪው ግን ቀጠሮው ሞልቷል ተብሎ ሳይመለስ ሳምንታት አለፉ። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ገባ። የጋሽ ልኬ ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ አስፈለገው። ተቆጣጣሪው በመጨረሻ መጥቶ መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ፣ «ጥሩ ነው» አለ። ፋይሉ ወደ ላይ ተላከ። ጥር ገባ፤ ጥር ወጣ።

በየካቲት ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። የዚያን ቀን ጠዋት እውነቱን ለመናገር ቆርጠው ነበር፤ ልጄ አልሞላትም፣ የጨመርኩት እኔ ነኝ ሊሉ። አስተርጓሚው ከመሥሪያ ቤቱ በረንዳ ላይ ያዛቸው።

«ጋሼ፣ እንደሱ ካሉ ወረቀቱ ሐሰት ነው ይላሉ። አንዱ ሐሰት ከሆነ ሌላውን ማን ያምናል? የእናቷም የትንሿም ይዘጋል። እርስዎንም ሊመልሱዎት ይችላሉ» አላቸው።

ወደ ቤት ደወሉ። ባለቤታቸው እያለቀሱ፣ «እኔ ምን ብዬ ልምረጥ? ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» አሉ። ስልኩን የመጀመሪያዋ ልጅ ተቀበለቻቸው።

«አባዬ፣ ዝም በል። እማዬንና ትንሿን ውሰድ። እኔ አጎቴ ጋ እሆናለሁ።»

«አንቺስ?»

«ለትምህርት ቤት ብለህ አይደል? ይኸው ተማርኩልህ። በቃ ግባ፣ ሲጠሩህ እንዳትጠፋ።»

ሹሙ ፋይሉን ገልጦ፣ የመጀመሪያዋ ልጅ የልደት ቀን ትክክል ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ልኬ፣ «ትክክል ነው» አሉ። በኋላ ሲናገሩት እንደሰማነው፣ የመጀመሪያውን ውሸት የዋሹት ልጃቸው እንዳታለቅስ ነው፤ ይኸኛውን ግን ምን ብለው እንደሚጠሩት እስከ መጨረሻው አላወቁም። ለሁለት ሰው ፈቃድ ወጣ።

በዚያው ዓመት ባለቤታቸውና ትንሿ ተሻገሩ። የመጀመሪያዋ ልጅ ታናሽ ወንድማቸው ቤት ገባች። ባለቤታቸው በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ተቀጠሩ፤ ትንሿ ቋንቋውን ከሁሉም ቀድማ ያዘች። ባለ መስኮቱ ክፍል ውስጥ አንዱ አልጋ እንደተነጠፈ ስንት ዓመት ቆየ። የመጀመሪያዋ ልጅ እዚህ እየተማረች፣ ከዚያም በላብራቶሪ ባለሙያነት እየሠራች በየጊዜው የጉብኝት ፈቃድ ጠየቀች። ሳታገባ ስትጠይቅ አትመለስም አሏት፤ አግብታ ስትጠይቅ ባልሽ ይከተልሻል አሏት። ለሁሉም መልስ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ጋሽ ልኬ እሑድ እሑድ መደወል አቋርጠው አያውቁም። ዕረፍታቸውን እያጠራቀሙ ይመጡ ነበር፤ ሲመለሱ ግን ልጃቸው አውሮፕላን ማረፊያ እንድትሸኛቸው አይፈቅዱም። ጡረታ ሲወጡ ጓዛቸውን ጠቅልለው መጥተው እሷ አጠገብ ለመኖር ወስነው ነበር። ባለቤታቸውም ተስማምተው ነበር።

ለጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ሳል ጀመራቸው። የብየዳ ጭስ ነው ብለው ናቁት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሳንባቸው ላይ የማይድን ሕመም ተገኘ። ሐኪሙ ያላቸውን ለባለቤታቸው የተረጎሙት ራሳቸው ናቸው፤ አሳጥረው። ትንሿ ግን አጠገባቸው ስለነበረች ሙሉውን ሰምታለች። ሐኪሞቹ መብረር አይችሉም ስላሉ እንደተመኙት በሕይወት መምጣት አልሆነላቸውም። «እንግዲያው የምቀበረው እሷ ያለችበት ነው» ብለው ተናዘዙ። በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው፣ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ትንሿ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

አስከሬናቸው ትናንት ጠዋት ገባ። የጭነት ክፍሉ ሠራተኛ ማን እንደሚረከብ ሲጠይቅ፣ አጎቷ ወደፊት ሊራመድ ሲል እሷ ቀደመችው። የሟች ምን እንደሆነች ጠየቃት። «የመጀመሪያ ልጁ ነኝ» አለች። ሠራተኛው፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ በሩን ከፈተላት። ዕድሜዋን የጠየቃት የለም።

ጋሽ ልኬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ከመጀመሪያዋ ልጅ ያገኟቸውን ሁለት ወንዶች የልጅ ልጆች፣ አምስት እኅቶችና ወንድሞችን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው የፋብሪካ ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም ከሩቅ አገር በትንሿ በኩል የኀዘን መልእክት ለላኩት አከራያቸው ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

አምላክ የወንድማችንን ነፍስ የመግቢያ ፈቃድ ከማይጠየቅበት አገሩ ያስገባልን። ለእናትና ለልጆች፣ ዛሬ በአንድ ቤት ለሚያድሩት፣ መጽናናቱን ይስጥልን።