ግማሹ የታጨደ ግቢ

ማክሰኞ

ነጠላዬ ላይ የተጣበቀውን ጨጎጊት ስለቅም አመሸሁ። ያደረግሁት ከውጭው በር እስከ በረንዳ መራመድ ብቻ ነው! ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ባለቤቴ አየለ አረሙን አላስነካም ብሏል። ሳሩ ወገብ ደረሰ። «ወፎቹ ፍሬውን ይበሉታል» ይላል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለሰው የማያወራውን ስለ ወፍ ያወራል። እሑድ እኮ ሽማግሌዎች ልጃችንን ሜሮንን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሰው የማይኖርበት ቤት መስሏቸው ቢመለሱስ?

ረቡዕ

ጎረቤቴ ዘይነባ በር ላይ ያዘችኝ። «እህቴ፣ እባብ ቢገባ ለእኔም ልጆች ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ አፈርኩ። ማታ ለአየለ ስነግረው «እባቡ እስኪመጣ ንቦቹ ይቅሰሙ» አለኝ። መልስ ነው ይኼ?

ሰርዶ፣ ሳማ፣ መጭ፣ ስሙን የማላውቀው እሾህ። ጽጌረዳዬ መሀላቸው ተውጣ ቀርታለች።

ሐሙስ

አየለ ጎሮ ለቅሶ ሄደ። ማጭዱን አወጣሁ። ግማሹን አጨድኩ፤ ወገቤ ተቆረጠ፤ ግን እንዴት ደስ አለኝ! ድንገት አንዲት ወፍ ከእግሬ ሥር ብር አለች። ጎንበስ ብዬ ባይ ሳሩ ውስጥ ጎጆ፤ ላባ ያላወጡ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተዋል። ለጥቂት ነው የሳትኳቸው። ማጭዱን እዚያው ጥዬ ገባሁ። አየለ ሲመለስ አየና ማጭዱን አንስቶ ወደ ቦታው መለሰ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

እናትየዋ የለችም። ጥላቸውን አጭጄባቸው ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው። ለእሑድ ዶሮ ልገዛ ሾላ መሄድ ሲገባኝ፣ ያጨድኩትን ሳር አቁሜ ዳስ ሠራሁላቸው። ሳማው እጄን ለበለበኝ። ሜሮን «እማዬ፣ አንቺም ጀመረሽ?» አለች። ዝም በይ አልኳት። ወደ ማምሻው ወፏ አጥሩ ላይ አረፈች። ቆይታ ወረደች። አየለና እኔ ተያየን። አሁንም ግን አኩርፌዋለሁ።

እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ። በዕድሜ የሚበልጡት አዛውንት እዚያው ጎጆው አጠገብ ቆመው ስለ ሰፈሩ መንገድ መበላሸት ወሬ ጀመሩ። ወፏ አፏ ውስጥ ትል ይዛ አጥሩ ላይ ትቁነጠነጣለች፤ መውረድ ፈርታለች። አየለ እኔን እኔን ያያል። እሱ እንኳ አልደፈረም።

«አባቴ ይቅርታ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉላት። ልጆቿን ልታበላ ነው።»

ያልኩት እኔ ነኝ! ሜሮን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አዛውንቱ ዞረው አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና «ውይ፣ እመጫት ናት እንዴ?» ብለው ኮቴያቸውን አጥፍተው ገቡ። ሌሎቹም በተራ እንደዚያው።

ሜሮንን ሰጠን። አየለ እስካሁን ይስቃል። ጫጩቶቹ ሲበሩ የቀረውን አጭደዋለሁ አልኩት። «ወፏ ደግማ እንቁላል ካልጣለች» አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው!