ሆዳችሁን ሰብስቡ!

ውድ ዱዊሊዮ፣

መኪና ነዳሁ! አዎ፣ እኔ ሚስትህ ኢዞሊና። ፎሊኞ ከተማ ሄጄ ተከራይቼ፣ ተራራውን ወጥቼ፣ የካስቴሉቾን የአበባ ሜዳ አይቼ፣ በመንደራችን ግንብ ጠባቧ በር ገብቼ ቤቴ ደርሻለሁ። መኪናዋ አሁን ከመስኮታችን ስር ቆማለች። የካቲት ላይ ከቀበርንህ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አላየሁም። ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ አንተ መጣህብኝ፤ በመንዳቴ ከሰው ሁሉ በላይ የማታምን አንተ ነበርክና።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ እንደሄድክ ልጃችን ሩጄሮ ቀይዋን ፓንዳ መኪናህን ሸጣት። «እማዬ፣ የሚነዳት የለ፣ ዝናብ ላይ ቆማ ትዝጋለች» አለኝ፤ እኔም ቁልፉን ሰጠሁት። ግንቦት ላይ ደግሞ አውቶቡሱ ወደ መንደራችን ወደ ሮካሶላ መውጣት አቆመ። ከሸለቆው ፌርማታ ያወርድሃል፣ ከዚያ ወዲያ በእግርህ ነው። ሩጄሮ ይህን ሲሰማ ሚላኖ ቤቱ ውስጥ ክፍል አሰናዳልኝ። አልጋ ገዛ፣ ነጭ መጋረጃ ሰቀለ፣ ፎቶውንም ላከልኝ። «ያለ መኪና እዚያ ኮረብታ ላይ እንዴት ትኖሪያለሽ? እሁድ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለኝ። ልጁ ደግ ነው፣ ምን ልበለው? ግን ዱዊሊዮ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የሰው ልብስ ማስጫ እያየሁ ማርጀት አልፈልግም። ቲማቲሜን ተክያለሁ። አንተም ያለኸው እዚህ ነው።

መንጃ ፈቃዴን ታስታውሰዋለህ? በየጊዜው አሳድሰው ነበር፣ አንተም በየጊዜው ትስቅብኝ ነበር። «ለመታወቂያ ይሁንሽ» ትላለህ። መሪ ልያዝ ባልኩህ ቁጥር ደግሞ «አንቺ መንገዱን እዪልኝ» ነበር መልስህ። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ መንገዱን አየሁልህ። የቱ ጋ ጉድጓድ እንዳለ፣ የቱ ጋ መታጠፊያው እንደሚከፋ ከአንተ ይበልጥ አውቀዋለሁ። ዝም የምልህ መኪና ውስጥ መጣላት ስለማልወድ ነበር እንጂ ይከፋኝ ነበር። በሕይወት ሳለህ አልነገርኩህም፣ አሁን እወቀው።

ጎረቤታችን ኔሪና ባትኖር ግን አይሆንልኝም ነበር። ከፋሲካ ጀምሮ «ገበያ ሄድን» እያልን ፎሊኞ እንወርድና እኔ መኪና መንዳት ስለማመድ እሷ ማሠልጠኛው በር ላይ ትጠብቀኛለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቀሚሳችንን ለብሰን፣ ሊፒስቲክ ሳይቀር ተቀብተን መኪና አከራዩ ዘንድ ሄድን። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ ነው። እኔን አየ፣ ኔሪናን አየ፣ ከኋላችን ደግሞ ሌላ ሰው ፈለገ።

«ሹፌራችሁ እየመጣ ነው?»

«መጥቷል» አልኩት።

«የታለ?»

«አንተ ልጅ፣ አፍንጫህ ስር የቆመችው ምንድን ናት?» አለችው ኔሪና።

ልጁ ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ ሲኞራ። ብቻ፣ ትንንሾቹ አልቀዋል። የቀረችው ከፓንዳ ሰፋ ትላለች፣ ችግር የለውም?»

«ምንም ችግር የለውም» አልኩት፤ ልቤ ግን ድንግጥ አለ። ጠባቧ በር ትዝ አለችኛ! ከበሩ ፊት ስትደርስ ስፖኪዮውን አጥፈህ «ሆዳችሁን ሰብስቡ!» ትለን የለ? እናትህም፣ ቄሱም፣ የተሳፈረ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ሆዱን ይሰበስባል፤ እኛ ስንቀጥን መኪናዋም የምትቀጥን ይመስል። ፓንዳዋ እንኳ በጭንቅ ነበር የምታልፈው።

እሱን ስንደርስ እናየዋለን ብዬ ሞተር አስነሳሁ። መጀመሪያ አካባቢ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ጠፋችብኝ፣ ኔሪናም መቁጠሪያዋን አወጣች። ከስፖሌቶ ስናልፍ ግን እግሬ ፍሪሲዮኑን ለመደው፣ እጄም ማርሹን። ወንዙን ተከትለን፣ መስኮት ከፍተን፣ እየዘፈንን! አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን ክላክሱን ሲያንባርቅብን ኔሪና በመስኮት አንገቷን አውጥታ «እንዲህ ከቸኮልክ ለምን ትናንት አልተነሳህም?» ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው ሳቀና ሲያልፈን እጁን አውለበለበልን።

ካስቴሉቾን ለማየት በየሰኔው ስለምንህ «የሮማ ሰዎች ይሞሉታል፣ ማቆሚያ የለም» ትለኝ ነበር። ማቆሚያ ነበረ ዱዊሊዮ! ሰፊ ማቆሚያ! ምስሩ አብቧል፣ መሐሉ ላይ ቀይ አበባ፣ ቢጫ አበባ፣ ሰማያዊ አበባ፤ ሜዳው ሁሉ እንደ አልጋ ልብስ ተዘርግቷል። ዳቦ በፖርኬታ፣ በተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ ገዝተን ከኮፈኑ ላይ ተደግፈን በላን። እዚያ ላይ ዕንባዬ መጣ። አንተን ከጎኔ አስቀምጬ «መንገዱን እይልኝ» ልልህ አማረኝ። ኔሪናም አየችኝና የራሷን ቁራሽ ቆርሳ ሰጠችኝ።

ስንመለስ ስልኬ ጮኸ። ሩጄሮ ነው።

«እማዬ፣ አንድ ቀን ቀድሜ መጣሁልሽ። ለዕቃሽ ባዶ ሻንጣ ይዤ ፌርማታው ላይ ቆሜያለሁ። ታክሲ የሚባል የለም እንዴ?»

«እዚያው ጠብቀኝ፣ እመጣለሁ።»

«በምን?»

ዘጋሁበት።

ፌርማታው ላይ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ታቅፎ ሲያየን አፉን ከፈተ። «የማን መኪና ናት? ማን ነው የሚነዳው?»

«ሰዉን ሁሉ ዛሬ ምን ነካው? ግባ!» አለችው ኔሪና፤ እሷ ሻንጣዎቹን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች፣ እሱ ከጎኔ ተቀመጠ። አቀበቱን ስንወጣ በየመታጠፊያው እግሩን ወለሉ ላይ ይጫናል፤ ፍሬን የያዘ መስሎት። እኔም ካንተ ጎን ስቀመጥ እንደዚያው ነበርኩ። ሳቄን ዋጥኩት። እሱም ሚላኖ ያለውን ክፍል ያወራልኛል፣ የፀሐዩን ነገር፣ የአሳንሰሩን ነገር። ከበሩ ፊት ስንደርስ ወሬውን አቆመ።

«እማዬ፣ እዚህ አቁሚያትና በእግር እንግባ። ይቺ ከፓንዳ ትሰፋለች።»

«አውቃለሁ።»

«ከጫርሻት እኮ...» ብሎ ተወው። ሁለታችንም ገብቶናል፤ ከጫርኳት ነገ ሻንጣው ይሞላል።

በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ያሉት ሽማግሌ ጓደኞችህ ሁሉ ብድግ አሉ። ቦታህን እስካሁን ማንም አልያዘውም። ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ ኦቴሎ «ኢዞሊና ናት! ትጭራለች፣ አንድ ብርጭቆ ወይን አስይዛለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ወርጄ ሁለቱንም ስፖኪዮ አጠፍኩ። በግራ በኩል ድንጋዩ ላይ የፓንዳህ ቀይ ቀለም እንዳለ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ። «ትንሽ ወደ ቀኝ» ስልህ አትሰማኝም ነበራ! ተመልሼ ገባሁ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዝኩ። ድንጋዩ በሁለቱም በኩል ቀረበን፣ መኪናዋ ውስጥ ጨለም አለ፣ ኔሪና መጸለይ አቆመች። ያን ጊዜ ከጎኔ ድምፅህን ሰማሁ።

«ሆዳችሁን ሰብስቡ!»

ሩጄሮ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ። ሦስታችንም ሰበሰብን። ከዚያ ብርሃን ሆነ፣ ከኋላችን ጭብጨባ ተሰማ፣ ኦቴሎም ወይኑን ከፈለ።

ልጅህ ከቤት ስንደርስ ቀድሞ ወርዶ የመኪናዋን በር ከፈተልኝ። ሻንጣዎቹን አወረደ፣ ባዶ መሆናቸውን እንደ አዲስ አያቸው፣ ከደረጃው ስር አንዱን በአንዱ ላይ ከመራቸው።

«ክፍሉስ?» አልኩት።

«ለጥየቃ ስትመጪ ታርፊበታለሽ። በባቡር ግን! እየነዳሽ እንዳትመጪብኝ!» አለኝ። ደግሞም «ይህቺን መልሰሽ ስታስረክቢ ፓንዳ እንፈልግልሽ። ጠበብ ያለች» አለ። ከዚያም ልክ ልጅ ሳለ እንደሚጠይቅህ «ነገስ ወዴት ነው የምትወስጂኝ?» አለኝ።

ወዳንተ ነው የምወስደው። ከመቃብር ቦታው አጥር ስንደርስ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደርጋለሁ፤ ሰምተህ ማን ነው ብለህ እንዳትጨነቅ። ቀይ ቀለምህን ድንጋዩ ላይ ትቼልሃለሁ። አጠገቡ አልፌያለሁ፣ አልነካሁትም።

ዕድሜ ልኳን መንገዱን ስታይልህ የኖረችው፣

ኢዞሊናህ