ኦርቪል በስተርጅና ተሰማ

ማርቫዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? በተማሪነታችን ደረጃው ላይ ተደራርበን ቅርጫት ኳስ ያየንበት የኢንዲያናው አዳራሽ ዛሬ ከሰፈራችን የእሁድ ጸሎት ያነሰ ሰው ነበረው። ባሌ ኦርቪል ገና ሲገባ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየመራን የእንግዳው ቡድን ልጅ ሁለት የቅጣት ኳስ ሊወረውር ቆመ። ኦርቪል ከላይ ብድግ ብሎ፣ «አንተ ልጅ፣ እናትህ እራት ቀርቧል ብላሃለች!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ሰማው! በሳቅ ፈርሶ ሁለቱንም ሳተ፤ አሸነፍን! ዳኛው ሳይቀር ከንፈሩን ነክሶ ሳቀ።

«ያኔ ያን ሁሉ ዓመት ስጮህ አንቺ እንኳ አጠገቤ ሆነሽ አልሰማሽኝም!» ይለኛል በተዘጋ ድምፁ፣ አልጋው ላይ እየዘለለ። ነገም ጨዋታ ስላለ ማር በሎሚ እያጠጣሁት ነው። ፖስት ካርዷ ሞላች፤ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺዋ ኔልዳ